ጥያቄ ቁጥር 14፦ የሰረዛት ማን ነው?

የጅሩ ልጅ (ይህን የውይይት ክር የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ዓመት በልቤ ያቆየሁትን ነገር ዛሬ ላውጣው።

የ2015 ዓ.ም. ክረምት ማዳበሪያ የጠፋበት ክረምት ነበር፤ ታስታውሱታላችሁ። ገበሬው ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን ሲመላለስ የዘር ጊዜው አለፈበት። በዚያው ሐምሌ እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ 22 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ይዤ ከደብረ ብርሃን በደነባ አድርጌ ወደ ተወለድሁበት ጥቁር አፈር ወረድሁ። ጥናቴ ስለ ስንዴ አመራረት ችግሮች ነው። አማካሪዬ አይቶታል፣ ትምህርት ክፍሉ አጽድቆታል። የቀረኝ የትብብር ደብዳቤ ብቻ ነበር።

ደብዳቤውን የሚሰጠው ኃላፊ (የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር) መጠይቁን ተቀብሎ በእስክርቢቶ እየተከተለ አነበበ። አልቸኮለም፤ ሻይም አዘዘልኝ። 14ኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ እስክርቢቶው ቆመ። «በዚህ ዓመት ማዳበሪያ ከማን ገዙ? ኩንታሉን በስንት ብር?» ይላል። «ይቺ ጥናትህን አትመለከትም» አለኝና ቀስ ብሎ ሰረዛት። ማዳበሪያ ስንዴን ካልተመለከተ ምንን ይመለከታል? ይህን ያልሁት ግን በልቤ ነው። በአፌ የወጣው «እሺ፣ ችግር የለም» የሚል ነበር። ማኅተሙ ወዲያው አረፈ።

ከዚያ ቤት ለቤት ስዞር አንድ የቀበሌ ሰው አብሮኝ ዞረ። መንገድ ሊያሳየኝ ነው ተባለ፤ እኔ ግን የዚያው መንደር ልጅ ነኝ። ገበሬዎቹ እሱን አየት፣ እኔን አየት እያደረጉ «ተመስገን፣ ምን ጎድሎብን» አሉኝ። መልሱን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁ፣ ሠንጠረዥ ሠራሁ፣ ጽሑፌን ተከላከልሁ፣ «በጣም ጥሩ» ተሰጠኝ። በዚያ ክረምት የስንዴ ገበሬ ስለገጠመው ችግር የሚተነትን ጽሑፍ ውስጥ ማዳበሪያ ስለመጥፋቱ አንድ ዓረፍተ ነገር የለም።

አሁን ስለ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ይወራል። አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። እኔ የምጠይቃችሁ፦ ዩኒቨርሲቲ ራሱን ሲያስተዳድር ጥያቄ 14 ትመለሳለች? ወይስ የሰረዝኋት እኔው ነኝ?

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ የመጨረሻዋን ጥያቄህን ወድጄልሃለሁ፤ መልሷን ግን ብቻህን አትሸከማት። ነገሩ ከአንተ መወለድ በፊት የተጀመረ ነው።

በ1967 ዓ.ም. እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ደርግ ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ። «መሬት ለአራሹ» ብለን የጮህን ስለነበርን ብዙዎቻችን የሄድነው ደስ ብሎን ነው። አዋጁን ለገበሬው አነበብንለት። ገበሬው የመለሰልንን ይዘን ወደ ላይ ስንጽፍ ግን የሚያነብልን አጣን። በኋላ ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ሌላ ቤት ሆኖ ቆየን። ማርክሲዝም ሌኒኒዝም የግዴታ ትምህርት ሆነ፤ ኬሚስትሪ የሚያጠናውም ይፈተነዋል፣ እርሻ የሚያጠናውም ይፈተነዋል። ስለ ቀይ ሽብር እዚህ አልጽፍም፤ እጄ አይታዘዝልኝም።

መንግሥት ተለወጠ፣ ነጻነት መጣ አልን። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. ተማሪዎች የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔና የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊን መምጣት ተቃውመው ወጡ፤ ተተኮሰባቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተባረሩ። ከመካከላቸው አንዱ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ነበሩ፤ ኤድንብራ ተምረው የመጡ ቀዶ ሐኪም፣ የሕክምና ፋኩልቲውን ከመሠረቱት አንዱ። የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት መሪ ስለነበሩ ታሰሩ፤ ካስፈረደባቸው ነገር አንዱ በዚያው ታኅሣሥ እዚሁ ደብረ ብርሃን ያደረጉት ንግግር ነው። በእስር ታመሙ፣ ዘግይቶ ለሕክምና ወደ ውጭ እንዲወጡ ተፈቀደላቸው፣ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ፊላደልፊያ ላይ አረፉ። ዛሬ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በስማቸው ይጠራል። በተናገሩባት ተከሰሱ፤ የተናገሩባት ከተማ ስማቸውን በር ላይ ጻፈችላቸው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እቆማለሁ።

በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ ማኅበራችንና ጋዜጣችን ይመለስልን አሉ። ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ያኔ የምጣኔ ሀብት መምህር የነበሩት ብርሃኑ ነጋ ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ አካዳሚያዊ ነጻነት በተካሄደ ውይይት ላይ ተናግረው በወሩ ታሰሩ። የራስ ገዙ አዋጅ የወጣው እኒሁ ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር በሆኑበት ጊዜ ነው። ለሽሙጥ አይደለም የምጽፈው። ወንበሩን ከሁለቱም ወገን የሚያውቅ ሰው እንዳለ ለማስታወስ ነው።

ባሶ ወራና

ጋሼ፣ የጻፉትን በአክብሮት አነበብኩ። ግን የጅሩ ልጅ የጠየቀው ስለ ጥይት አይደለም፤ ስለ እስክርቢቶ ነው።

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ የትብብር ደብዳቤ ፈርሜ አውቃለሁ። ስለዚህ ለዚያ ሻይ ላዘዘው ሰውዬ ጠበቃ ልቁምለት። «14ኛዋን ሰርዝ» የሚል ትእዛዝ ከማንም አልመጣለትም ብዬ እወራረዳለሁ። ማንም እንዲህ ያለ ትእዛዝ አይጽፍም። ሰውዬው ያሰበው እንዲህ ነው፦ ይህ ልጅ ነገ «በእነ እገሌ ወረዳ ማዳበሪያ በጓሮ በር ይሸጣል» ብሎ ቢጽፍ፣ ወረቀቱ ዞን ቢደርስ፣ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ማን ፈቀደለት?» ነው። ፈራሚው እሱ ነው። ጥያቄዋን በመሰረዙ ግን የሚጠይቀው የለም። በአገራችን ሰው የሚጠየቀው በፈቀደው ነው፤ በከለከለው ተጠይቆ ያየሁት የለም። እኔም ሰርዤ አውቃለሁ። እንቅልፍም አልነሣኝም ነበር፤ እስከ ዛሬ ማታ።

ይህን ካመንኩ በኋላ ግን ሌላውን ልናገር። ደመወዙም፣ የተማሪው ቀለብም፣ ሕንፃውም ከመንግሥት በጀት ነው። አገር መሐንዲስና ሐኪም ሲያስፈልጋት መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከመቶው ተማሪ 70ው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ቢል ምኑ ነው ኃጢአቱ? ከፋይ አይመርጥም?

ምንጃሬው

እኛ አገር ስለ ጤፍ ዋጋ ሊያጠና የመጣ ተማሪ ነበር። አባቴ የተማሪውን ጥያቄ ሁሉ መልሰው ሲያበቁ አብሮት ወደ መጣው ሰው ዞረው «አንተስ ልጄ፣ የምታጠናው ምንድን ነው?» አሉት።

ሐኪሟ ከጠባሴ

ባሶ ወራና፣ ሰባ ሠላሳው ምኑ ነው ኃጢአቱ ላልከው ከውስጡ ያለፍኩ ሰው ልመልስልህ።

ከፋይ ይመርጣል፤ ልክ ነህ። ነገር ግን ስንት ተማሪ ማስተማር እንደሚቻል የሚያውቀው የአናቶሚ መምህሩ ነው። ቁጥሩ ግን በደብዳቤ ይመጣል፣ መምህሩም ያነበዋል። እኔ በተማርኩበት ቦታ በአንድ አስከሬን ዙሪያ ከመብዛታችን የተነሣ ከኋላ የቆምነው የምናጠናው የጓደኞቻችንን ማጅራት ነበር። ጥያቄ የሚያነሣ መምህር ነበረን፤ በስብሰባ ላይ «አቅማችን ለዚህ ግማሽ ነው» አለ። «የመስፋፋት ስትራቴጂውን ያልተረዳ» ተባለ። ሰው አልታሰረም፣ ደም አልፈሰሰም። ከዚያ በኋላ ግን በስብሰባ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም። እኛም ተመረቅን። በመጀመሪያው ምሽት ተረኝነቴ እጄ ሲንቀጠቀጥ ያን ስብሰባ ነው ያስታወስኩት።

ሁለተኛ ነገር። ቃላት። ከባልደረቦቼ ጋር ስለ ተፈናቃይ ሕፃናት አንድ የጥናት ዕቅድ አቅርበን ነበር። «የምግብ እጥረት» የሚለው ርእስ «የአመጋገብ ሁኔታ» ተብሎ ተስተካክሎ ተመለሰልን። በጣም ትሑት እርማት ነው። የክንድ ዙሪያ የምንለካበት ሜትር ያው ነው፣ ልጁም ያው ነው፣ ቁጥሩም ያው ነው። ርእሱን አይቶ የሚፈልገው ሰው ግን ጥናቱን አያገኘውም፤ የአመጋገብ ሁኔታ ለማንበብ ማን ይቸኩላል?

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ከሳይንስ ጋር አያይዞት አያውቅም። ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እኔ አንድ ጽሑፍ ለጆርናል ማረም ነበረብኝ። በፍላሽ አድርጌ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው በሚኒባስ አስያዝኩት፤ 130 ኪሎ ሜትር። እሱ ልኮልኝ የአራሚዎቹን አስተያየት ደግሞ በወረቀት አትሞ አመጣልኝ። በአጼ ምኒልክ ጊዜም ደብዳቤ ከአንኮበር የሚሄደው በሰው እጅ ነበር፤ ያውም የሚላከው ሰው ፍተሻ ላይ ወርዶ ሻንጣ አይፈታም ነበር። መስመሩ የተዘጋው በእኔ ምክንያት አይደለም፤ ይገባኛል። የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ የሚያነብ ሐኪም መኖሩን ያሰበለት ሰው ግን አልነበረም።

ስንዴ ቆጣሪ

በዘር ምርምር ሥራ ላይ ነኝ፤ ስለ ስንዴና ስለ መንግሥት ሲነሣ ዝም ማለት አልችልም።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል ሩሲያዊ የዕፀዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት። በበቅሎ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደርና አክሱም ተጉዞ ከገበሬው ማሳና ከገበያው ዘር ሰበሰበ። ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛ ማእከላት አንዷ ብሎ የመዘገባት እሱ ነው። ጢም የሌለው ዱረም ስንዴ አይቶ የተደነቀው እዚህ ነው። ለአያቶቻችን ብርቅ አልነበረም፤ የሚጽፍለት ሰው ግን አላገኘም ነበር።

አገሩ ምን ጠበቀው? ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሰው ተነሥቶ የጄኔቲክስ ሳይንስ የቡርዧ ቅዠት ነው፣ ስንዴን በብርድ ብናሠለጥነው ባሕርዩን ቀይሮ ለልጆቹ ያወርሳል አለ። ቫቪሎቭ አዲስ ዝርያ ለማውጣት ዓመታት ያስፈልጋሉ ሲል ሊሴንኮ በአጭር ጊዜ ቃል ገባ። ረሃብ ያለበት መንግሥት የትኛውን እንደሚሰማ ግልጽ ነው። ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1940 ታሰረ፤ በጥር 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ሰውን ከረሃብ ለማዳን አምስት አህጉር የዞረ ሰው በምግብ እጦት ሰውነቱ አልቆ ነው የሞተው። በነሐሴ 1948 ጄኔቲክስ ከትምህርት ቤት እስከ ቤተ ሙከራ ታገደ። ሊሴንኮ ከወንበሩ የወረደው ክሩሽቼቭ እ.ኤ.አ. በ1964 ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ነው። ልብ በሉ፣ ስንዴው አንድም ቀን አልተሸነፈለትም ነበር። የሚቆጥር ሰው ግን አልነበረም፤ ወይም ቆጥሮ የሚናገር።

በእኛም በኩል አንድ መልካም ነገር ልጨምር። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ የዕፀዋት የዘር ሀብት ማእከል ተቋቋመ። በኋላ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬውን ነባር ዘር ከገበሬው ጋር ሆነው አቆዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ያ መንግሥት ለሳይንስ የዋህ ነበር ማለቴ አይደለም። ለዚያ ሥራ ግን ትንሽ ክፍተት ተገኘች፣ በክፍተቷም ዘር ተረፈ።

ባሶ ወራና

ከወረዳ ጸሐፊ ተነሥታችሁ ስታሊን ላይ ደረሳችሁ። ትንሽ አልራቀም?

ስንዴ ቆጣሪ

ርቋል። ዝም የሚለውን ሰው ግን ሁለቱም ቦታ አየሁት።

መንዜው

እኔ ከስታሊን ወደ ጓሳ ልመልሳችሁ። በመንዝ የጓሳ ምድር ቄሮ በሚባል ሥርዓት (ስሙን ከሌላ ነገር ጋር እንዳታምታቱት) ለዘመናት ተጠብቆ ኖሯል። ሳሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሽማግሌዎች በቃ ያሉ ጊዜ ይከፈታል፤ ሰው ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ፣ ለገሳው አጭዶ ይመለሳል። የሰረቀ ይቀጣል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የተረፉልን በዚያ ነው። ከዚያ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጣና ያን ሥርዓት በአንድ ቀን ከጉልት ጋር ደመረው። ይህ ነገር ምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ዛሬ ደግሞ ተመራማሪዎች ካሜራ ይዘው ይመጣሉ፣ አያቴን «የጋራ ሀብት አጠባበቅ» ያስተምሯቸዋል። አያቴ በትሕትና ይሰማሉ።

ጡረተኛው መምህር

መንዜው፣ ያን አዋጅ ካነበብነው አንዱ እኔ ነኝ። መንዝ አልደረሰኝም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። በተመደብኩበት ቀበሌ አንድ ሽማግሌ «ይህን የጻፈው ሰው እዚህ አገር አርሶ ያውቃል?» አሉኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር። «ሰፊው ሕዝብ ነው የጻፈው» አልኳቸው። ሽማግሌው ራሳቸው ሰፊው ሕዝብ መሆናቸው ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው። ለአያትህ ሰላምታ አቅርብልኝ።

ደብተራው

ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር የከተማችሁ ስም ላይ አለ። ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ብለዋል የተባሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት በድንጋይ አስወገሩ። ዜና መዋዕላቸው ከዚያ በኋላ ብርሃን ከሰማይ ታየ ይላል፤ ንጉሡም የሥራቸው ማረጋገጫ አድርገው ወስደውት ቦታውን ደብረ ብርሃን አሉት። አንዳንድ ተመራማሪዎች ያን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ንጉሡ መሃይም አልነበሩም፤ መጻሕፍት የደረሱ ሊቅ ነበሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ያልተማረ ገዥ ሊቃውንቱን ይንቃቸዋል፣ ወይም ይረሳቸዋል። የተማረ ገዥ ግን ይፈትናቸዋል፤ መልሱንም አስቀድሞ ያውቀዋል።

የሥላሴ ልጅ

ይህ ነውር ነው። የከተማችንን ስም ከዚህ ጋር ማንሣት ምን ይባላል? ንጉሡ ሃይማኖት ነው የጠበቁት።

አወያይ

የሃይማኖት ክርክር በዚህ ክር አይቀጥልም። የደብተራው ጽሑፍ ተከታይ መልሶች ወደ «ታሪክ» ክፍል ተዛውረዋል።

ደብተራው

ስለ አካዳሚያዊ ነጻነት በሚነጋገር ክር ላይ ተሰረዝኩ ማለት ነው?

አወያይ

አልተሰረዝህም። ተዛውረሃል።

ምንጃሬው

እንደ መምህራን የሥራ ዝውውር ነው እንግዲህ።

የመሀል ሜዳ እናት

እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ ልጄ ግን ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። የምታወሩትን ማታ ማታ ታነብልኛለች። እኔ የገባኝን ልናገር።

ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014ቱ ፈተና ያለፈው ከመቶ 3.3 ብቻ ነው ተባለ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ በኋላ 5.4። ኩረጃ ቀረ አላችሁን፤ ይሁን፣ ጥሩ ነው። ታዲያ ከዚያ በፊት ያለፉት በምን አለፉ? ስንት ዓመት ሙሉ ያየ መምህር አልነበረም? ካየ ለምን አልተናገረም? እናንተ ስለ ማዳበሪያ ዝም አልን ትላላችሁ፤ ስለ ልጆቻችንም ዝም ብላችሁ ነበር።

ሌላው፣ ይህ ራስ ገዝ የምትሉት ዩኒቨርሲቲ የራሱን ክፍያ ይወስናል ይላሉ። ነጻ ሲሆን እኔን ነው የሚያስከፍለኝ? የመንዝ በግ ሸጬ ስንት ልክፈል? መምህሩ የልቡን እንዲናገር እፈልጋለሁ፤ ልጄ ደግሞ ቁጭ ብላ እንድትሰማው እፈልጋለሁ።

ሐኪሟ ከጠባሴ

እትዬ፣ እርስዎ ያሉትን ከእኛ ማናችንም አላልነውም። ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ገበያ እጅ የወደቀ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድሃ በሽታ ለማጥናት ማን ገንዘብ ይሰጠዋል? ይህ እኔንም ያስፈራኛል።

ረዳት ፕሮፌሰር

ስሜን አልጽፍም፤ ለምን እንደማልጽፍ ራሱ የውይይቱ ክፍል ነው።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። አካዳሚያዊ ነጻነት በሕግ አልጎደለንም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ፣ ከዚያ የ2001ዱ፣ ከዚያ 1152/2011፣ በተከታታይ ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይካሄድ ይላል። በዚሁ ሁሉ ሕግ ሥር ሆነን ነው በአንድ ለአምስት ተደራጅተን «ልማታዊ መምህር» ስንባል የኖርነው። የራስ ገዙ አዋጅ አንድ እውነተኛ ነገር ይለውጣል፤ ፕሬዚዳንቱ ለሚኒስትር ሳይሆን ለቦርድ ይጠየቃል። ጥሩ። ቦርዱንስ ማን ይሰይመዋል? ክርክሩ ከዚያ ይጀምራል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ ግን አፍራለሁ። ለደረጃ ዕድገት ብለን ገንዘብ ከፍለን ማንም በማያነበው ጆርናል ያሳተምን ብዙ ነን፤ ያን እንድናደርግ ካድሬ አላስገደደንም። የዲንነት ወንበር ለማግኘት የፓርቲ ቅጽ የሞላን አለን፤ ቅጹን ለምነን። ተማሪ ሲከራከረንስ? በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን በየኔታና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል፤ ስሕተት ካለው እዚያው ይነቀፋል፤ የላቀ ተማሪ ከመጣ የኔታም «አግኝተሃል» ይላሉ። እኔ በ11 ዓመት የማስተማር ሥራዬ ተማሪን «አግኝተሃል» ያልኩት ስንት ጊዜ ነው? ለመቁጠር አንድ እጅ ይበቃኛል። እኔ ፊት መናገር የፈራ ተማሪ የወረዳ ኃላፊ ፊት ምን እንዲናገር ጠብቄ ነው?

የጅሩ ልጅ፣ አንተ ላይ ልመለስ። እያንዳንዱ ጽሑፍ «የጥናቱ ውሱንነት» የሚባል ክፍል አለው። እዚያ «አንድ ጥያቄ በአስተዳደር ምክንያት ከመጠይቁ ወጥቷል፤ ቃለ መጠይቆቹም ሦስተኛ ሰው ባለበት ተካሂደዋል» ብለህ መጻፍ ትችል ነበር። ሁለት መስመር ናት፤ ማንም አይከለክልህም፣ ምናልባትም ማንም አያነባትም። ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ሠንጠረዥህን የሚያነሣ ተመራማሪ «ምን ጎድሎብን» የሚለውን መልስ እንዴት ማንበብ እንዳለበት ያውቅ ነበር። እዚያ ምን ጻፍህ?

የጅሩ ልጅ

«በጊዜና በገንዘብ እጥረት ምክንያት» ብዬ ነው የጻፍሁት። ቀድሞ ከተመረቀ ልጅ ጽሑፍ ላይ ቃል በቃል የገለበጥሁት ነው። እሱም ከሌላ ሳይገለብጥ አልቀረም።

ረዳት ፕሮፌሰር

የእኔም እንደዚያ ይላል።

የጅሩ ልጅ

እንግዲህ ያልተናገርሁትን ልጨርስ። በመጨረሻው ቀን አብሮኝ የሚዞረው የቀበሌ ሰው ለቅሶ ሄዶ ብቻዬን ነበርሁ። ያን ቀን ሰባት ቤት ደረስሁ። የመጀመሪያው ቤት አንድ ሽማግሌ 22ቱን፣ ይቅርታ 21ዱን፣ መልሰውልኝ ወረቀቴን ስሰበስብ «ጨረስህ?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው። «ስለ ማዳበሪያው ሳትጠይቀኝ?» አሉ። ወንበሩ ላይ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ከማን እንደገዙ፣ በስንት እንደገዙ፣ ለማን ጉርሻ እንደሰጡ ነገሩኝ፤ የበሬ ግማሽ ዋጋ ነው ብለው ሳቁ። በቀሩት ስድስት ቤቶች እኔው ጠየቅሁ። ሁሉም መለሱ። በመጠይቁ ጀርባ በእስክርቢቶ ጻፍሁት፤ ስም የለበትም። ሰባቱ ወረቀቶች እስከ ዛሬ እናቴ ቤት፣ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ሰባት ሰው ለስታቲስቲክስ ምንም አይደለም፤ አውቃለሁ።

ስንዴ ቆጣሪ

ለመነሻ ሰባት ፍሬ በቂ ነው። አይጥ እንዳይበላቸው ብቻ።

ጡረተኛው መምህር

ፎቶ አንሣቸው ልጄ። እስክርቢቶ ይደበዝዛል።

የመሀል ሜዳ እናት

ልጄ የምትለው፣ ጉርሻ የተቀበለውን ሰው ስም እንዳትጽፍ፤ ሽማግሌው ይታወቃሉ። እኔም እሱን ልልህ ነበር።

ባሶ ወራና

ሁሉንም አነበብኩ። ቀን ሥራ ቦታም ደግሜ አነበብኩት፤ አለቃዬ ምን እንደማነብ ጠየቀኝ፣ «ስለ ስንዴ» አልኩት።

የጅሩ ልጅ፣ ጥናቱን እንደገና ልትሠራው ካሰብህ የትብብር ደብዳቤ ያስፈልግሃል። የአንተ ወረዳ እኔን አይመለከትም፤ የእኔን አካባቢ ግን ልታካትት ትችላለህ፤ እዚህም ስንዴና ገብስ አለ። መጠይቁን ይዘህ እኔ ጋር ና። 14ኛዋን ሳላመነታ አሳልፋታለሁ ብዬ አልዋሽህም። ሳነብ ግን እስክርቢቶዬን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

የጅሩ ልጅ

መቼ ልምጣ?

ባሶ ወራና

ማክሰኞ። ሰኞ ስብሰባ አለብን።